የአይሁድ መቃብር ጠጠሮች

አባ ረዲ በሃያ ዘጠኝ ዓመት ዘበኝነታቸው አንድም ቅዳሜ የመቃብሩን በር ከፍተው አያውቁም። የተገደሉት ግን ቅዳሜ ቀን ነው። ሬሳቸውም የተገኘው እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ያን ዕለት በተቆፈረ ጉድጓድ ነው።

ነሐሴ ፲፫ ቀን ፲፱፻፸ ዓ.ም. ነበር። ለክርስቲያኑ ቡሄ፣ ለእስላሙ የረመዳን ፆም፣ ለአዋሽ ሰባት ቀበሌ ደግሞ የስብሰባ ቀን። ቀበሌው ሰው በዓል በያዘ ቁጥር ስብሰባ መጥራት ይወድ ነበር።

መቶ አለቃ ሀብተ ሥላሴ በማግሥቱ ጧት በፖሊስ ላንድሮቨር ከናዝሬት መጣ። ሃያ ስድስት ዓመት ወንጀል መርምሯል፤ ከዚያ ሁሉ ያተረፈው ነገር ቢኖር ንቀት ነው። ሌባውን ለስስቱ፣ ምስክሩን ለፍርሃቱ፣ አለቆቹን ደግሞ በጅምላ ይንቃቸው ነበር። ከዚህ መዝገብ ውስጥ ስሙን ያላስገባው ሰው አንድ ራሱ ብቻ ነው።

መቃብሩ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ በሀዲዱና በገደሉ አፋፍ መካከል ነው። ወገብ የማይደርስ የድንጋይ አጥርና የዛገ የብረት በር አለው። ሰባት መቃብሮች በአንድ ረድፍ ተኝተዋል። በየመቃብሩ ላይ ጠጠር ተከምሯል፤ ከክምሩ ብዛት ሥሩ ያለው ድንጋይ አይታይም። ስምንተኛው ጥግ ላይ፣ ለብቻው ነበር። አሁን ጉድጓድ ሆኗል።

በሩ ላይ የጠበቀው የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ውባየሁ ነው። ከአብዮቱ በፊት የአንድ ባላባት አሽከር ነበር፤ እጅ ሲነሣ ግንባሩ ጉልበቱን ይነካ ነበር ይሉታል። አሁን ያ ወገብ ቀንቶ ሽጉጥ ታጥቆበታል።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ በከንቱ ደከሙ» አለ። «ጉዳዩ አልቋል። ገዳዩ በእጃችን ነው።»

«ማነው?»

«ጥሩሰው የሚሉት ከጎጃም የመጣ የጥጥ እርሻ የቀን ሠራተኛ። ወርቅ ሊቆፍር ገባ፣ ሽማግሌው ደረሱበት፣ ገደላቸው። ሬሳውን እንዳቀፈ ነው የተያዘው። ረቡዕ የአብዮት መድረካችን ይመረቃል፤ ከአውራጃም አንድ ጓድ ይመጣል። በዚያው ሕዝብ ፊት አብዮታዊ እርምጃ ይወሰድበታል።»

«ለመድረክ ምረቃ ሰው ታርዳላችሁ? በሬ ጠፋ?»

ውባየሁ ቀልድ ይሁን ቁም ነገር መለየት አቅቶት የሽጉጡን ቀበቶ አስተካከለ።

«የምን ወርቅ ነው ደግሞ?» አለ ሀብተ ሥላሴ።

«የአይሁዱ ነዋ! ሙሴ ሳሊም የሚባል ቆዳ ነጋዴ ከዚህ ሲሄድ ወርቁን ቀብሮ ነው የሄደው። አገር ያውቀዋል።»

አገር የሚያውቀውን ነገር ሀብተ ሥላሴ አምኖ አያውቅም። ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ። የተሰባበረ የሳጥን ጣውላና አፈር የበላው የወረቀት ቁርጥራጭ አገኘ።

«ይኸስ?»

«የወርቁ መጠቅለያ ይሆናላ!»

መርማሪው ወጣ። ከጉድጓዱ የወጣው አፈር ሰባተኛው መቃብር አጠገብ ተቆልሏል። ውባየሁ ለአብዮት ጠባቂዎቹ ትእዛዝ ሊሰጥ ዞር ሲል፣ ሀብተ ሥላሴ አብሮት የመጣውን ሃምሳ አለቃ ጥጋቡን ጠራና አፈሩን በእጃቸው ገፉት። ከሥሩ፣ በነባሩ መሬት ላይ፣ የደረቀ ደም ነበር።

«ምን ይልሃል?» አለው በለሆሳስ።

«ደሙ ቀድሞ ፈሷል። አፈሩ ኋላ ነው የመጣበት።»

«እንግዲያው ሽማግሌው ሲሞቱ ጉድጓዱ ገና አልተቆፈረም። ሊቆፍር ሲል ደረሱበት የሚባለው ተረት እዚህ ላይ አበቃ።»

ሬሳው በቀበሌው የእህል መጋዘን ውስጥ፣ በጆንያ ክምር መካከል ተኝቷል። የራስ ቅላቸው ከኋላ በብረት ተመቷል፤ አንድ ምት ነው። ከሽርጣቸው ጫፍ አንድ ነገር ተቋጥሮ ነበር። ሀብተ ሥላሴ ሲፈታው ሦስት ጠጠሮች ወደቁ፤ ጠርዛቸው የሾለ፣ ትናንሽ፣ ነጣ ያሉ። ጠጠሮቹን ኪሱ ከትቶ ሬሳው ለቀብር እንዲሰጥ አዘዘ።

«ምርመራው ሳያልቅ?» አለ ውባየሁ።

«ቅድም አልቋል አላሉኝም?»

ጥሩሰው የታሰረው እዚያው ቀበሌ፣ የከሰል መጋዘን በነበረች ክፍል ውስጥ ነው። ሸሚዙ ደም ነክቶታል፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ጥጋቡ ውኃ በጣሳ ቢሰጠው ግማሹን ደረቱ ላይ አፈሰሰው።

«እኔ አልገደልሁም፣ ጌታው» አለ። «ወባ ጣለኝና ከእርሻው አባረሩኝ። ባጥሩ ጥላ ሥር ስተኛ ውኃ የሚሰጡኝ እርሳቸው ናቸው። እርሳቸው እየጾሙ ለኔ ውኃ ይቀዱልኝ ነበር።»

«ቅዳሜስ?»

«ትኩሳቱ ቢነሣብኝ ከሀዲዱ ድልድይ ሥር ተኝቼ ዋልሁ። ፀሐይ ልትገባ ስትል ውኃ ፍለጋ መጣሁ፤ በሩ ክፍት ነው። ጉድጓድ ውስጥ ወድቀው አየኋቸው። ነፍስ ያላቸው መስሎኝ ወርጄ ቀና አደረግኋቸው። ልጃቸው ለፍጥር ብትጠብቅ ቢቀሩባት ልትፈልጋቸው መጣች፤ እንዲያ ሳለሁ ደረሰች።»

ሀብተ ሥላሴ የሰውየውን ክንድ አየው። የአዋሽን ደረቅ መሬት ያን ያህል መቆፈር ቀርቶ ጣሳ ማንሣት ያቃተው ክንድ ነው።

«ረቡዕ ይገድሉኛል አሉኝ» አለ ጥሩሰው። «እውነት ነው?»

«እስከ ረቡዕ ሦስት ቀን አለ» ብሎት ወጣ። መልስ አለመሆኑን ራሱም ያውቀዋል።

ወይዘሮ ታንጉት ከጣቢያው ፊት ለፊት ምግብ ቤት አላቸው። በወጣትነታቸው የሙሴ ሳሊም ወጥ ቤት ነበሩ። ሹሮ እያማሰሉ፣ ቀና ሳይሉ ነበር የሚያወሩት።

«ሰውየው የኤደን አይሁድ ነው። ባቡሩ በተሠራ ዘመን መጥቶ ቆዳ ይነግድ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ወባ ፈጀበት! መጀመሪያ ሚስቱ፣ ከዚያ ሁለት ልጆቹ፣ ቀጥሎ ወንድሙ፣ ደግሞ ጸሐፊው። ስድስተኛው ታሞ ከባቡር የወረደ መንገደኛ ነው። ስሙን ሳይናገር ሞተ፤ በጸሎቱ ግን ወገናቸው መሆኑን ዐወቁ። ሰባተኛው አንድ ሽማግሌ ሱቅ በደረቴ ነበር። በቃ፣ መቃብሩ ይኸው ነው። ሰባት ሰው።»

«ድንጋዩስ?»

«እብነ በረድ ነው እንጂ! በጅቡቲ አድርጎ በባቡር ያስመጣው። በራሳቸው ፊደል ስማቸው ተቀርጿል። አሁን በጠጠር ተሸፍኖ ማን ያየዋል?»

«ጠጠሩን ማን ከመረው?»

«ረዲ ነዋ። ልማዳቸው ነው። እነሱ መቃብር ላይ አበባ አያኖሩም። የጎበኘ ሰው ጠጠር አኑሮ ይሄዳል፤ መጥቼ ነበር እንደማለት። ሙሴ ሳሊም አርባ አንድ ዓ.ም. ላይ ጠቅልሎ ሲሄድ፣ ‹ረዲ፣ በኔ ፈንታ አኑርልኝ። ቅዳሜ ግን ሰንበታችን ነው፤ በሩንም አትክፈት፣ አትሥራም› አለው። ረዲ ይኸው በየሳምንቱ ዓርብ ከአዋሽ ወንዝ ሰባት ጠጠር ለቅሞ ያመጣል። ለያንዳንዳቸው አንዳንድ። ደመወዙ ከቆመ ስንት ዘመኑ! እሱ ግን አልተወም።»

«ስምንተኛውስ መቃብር?»

ወይዘሮ ታንጉት ማማሰያቸውን አነሡ። «ሊሄድ ሲል ሳጥን ቀብሮበታል። ውስጡ ምን እንደነበረ አላውቅም። ሰላሀዲንን ጠይቀው፤ ስለዚያ ወርቅ ከሱ በላይ ያወራ የለም።»

ሰላሀዲን ከወሎ መጥቶ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው። መርማሪውን ሲያይ ሚዛኑ ከእጁ ወደቀ፤ ሀብተ ሥላሴ ሥራው ሊቀልለት መሰለው።

«ቅዳሜ የት ዋልክ?»

«ሰርዶ! ወላሂ ሰርዶ ነበርኩ። ከአሰብ ዕቃ ጭኜ ስመለስ የመኪናው ጎማ ፈንድቶ ሁለት ቀን እዚያው ከረምኩ። የኬላው ማኅተም ይኸውና!»

ጥጋቡ በሬዲዮ አጣራ። እውነት ነው። የሚያልበው ሰው ሁሉ ወንጀለኛ ቢሆን ኖሮ የአዋሽ ሕዝብ በሙሉ ወህኒ በወረደ ነበር።

«እሺ፤ ወርቁንስ ማን ነገረህ?»

ሰላሀዲን ደጁን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወርቅ የለም።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ አለ ስትል ኖረህ?»

«ሃምሳ ዘጠኝ ላይ ቆፍሬዋለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ። ያገኘሁት መጽሐፍ ነው። ያረጀ፣ የተበጣጠሰ መጽሐፍ፣ ሣጥን ሙሉ። አባ ረዲ ደረሱብኝና አፈሩን በእጄ አስመለሱኝ። ‹አንተ ባለጌ፣ እኛስ ያረጀ ቁርኣን እናቃጥላለን ወይስ እንጥላለን? እነሱም የሚቀብሩት ለዚያው ነው› አሉኝ። ለሰው እንዳያወሩብኝ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። አላወሩብኝም። እኔ ግን ወርቅ አለ ማለቴን ባቆም ሰው ምን ነካው ይለኛል ብዬ፣ ያንኑ ስል ኖርኩ።»

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ ይኼ ደግሞ ሞፈሩንም ሳይቆርጥ ሞኝነቱን ብቻ ይዞ የተመለሰ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ጠቀመ። አባ ረዲን የገደለው ሰው ጉድጓዱን የቆፈረው ወርቅ ፈልጎ አልነበረም። ወርቅ ፈላጊ ገደላቸው እንዲባል ነው የቆፈረው።

ኡሙሀኒ የአባ ረዲ አንድያ ልጅ ናት። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ለቀስተኛው እስኪወጣላት ጠብቆ ሦስቱን ጠጠሮች መዳፉ ላይ አሳያት።

«ታውቂያቸዋለሽ?»

«አውቃቸዋለሁ። ዓርብ ዕለት ከመቃብሩ ሲመለሱ ይዘዋቸው ነው የመጡ። መዳፋቸው ተቧጭሮ ነበር። አባቴ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረዳቸው አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ የሚያዩት በእጃቸው ነው።»

«ምን አሉሽ?»

«‹የኔ ጠጠር ወንዝ ያለሰለሰው ነው፤ ሰው አይቧጭርም። ሌላ እጅ ገብቷል› አሉኝ። ልጆች ይሆናሉ አልኳቸው። ‹ልጅ ከኔ ጠጠር ይወስዳል እንጂ ሌላ አምጥቶ አይከምርም። ገብቶ የሚሠራውም እኔ በማልከፍትበት ቀን ነው። ነገ ገብቼ እጠብቀዋለሁ› አሉ። ሰንበታቸው አይደለም ወይ ብላቸው፣ ‹ሙሴ ሳሊም አፉ ይለኛል። አማናው፣ አደራዬ እየተሰረቀ በር ዘግቼ አልቀመጥም› አሉኝ።» ሻሿን ወደ ዓይኗ ሳበች። «ቢከለክሏቸው የሚሰሙ ሰው አልነበሩም፣ መቶ አለቃ። ገዳያቸውን ያገኙልኛል?»

«አገኘዋለሁ» አላት። ይህን ቃል ለማንም ሰጥቶ አያውቅም ነበር፤ ለምን እንደሰጣትም አላወቀም።

ሰኞ ጧት መቃብሩን ሁለተኛ አየው። በስድስቱ መቃብሮች ላይ የተከመረው ጠጠር እንደ ኪሱ ጠጠር የሾለ ነው። የሰባተኛው ብቻ ድቡልቡል የወንዝ ጠጠር ነው።

«የባቡር ሀዲድ ጠጠር ነው!» አለ ጥጋቡ በደስታ። «ገዳዩ ከባቡር ሠራተኞች አንዱ ነው።»

ጣቢያው ሄደው የሀዲድ ጥገና ኃላፊውን ጠየቁት። ሰውየው ጠጠሯን በሁለት ጣቱ ይዞ ሳቀ። «ይቺን ሀዲድ ሥር ባፈስስ ባቡሩ ገደል ይገባል። የኛ የጡጫ ያህል ነው፤ ጥቁር ነው። ይኼ ለሲሚንቶ ቡኮ የሚሆን ነው።» ጥጋቡ ቀድሞ ከጣቢያው ወጣ።

ወደ ቀበሌው ሲመለሱ ውባየሁ ለረቡዕ መፈክር እያስጻፈ ነበር።

«ለደንቡ ያህል ልጠይቅዎት» አለ ሀብተ ሥላሴ። «ቅዳሜ ከሰዓት የት ነበሩ?»

«ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ስብሰባ ስመራ ነበር። አርባ ሦስት ሰው ፈርሟል። መዝገቡ ይኸው፤ ያገላብጡት!»

ሀብተ ሥላሴ አገላበጠ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ይኼ ወረቀትም የያዘውን አልለቀቀም። ተራ ቁጥር ሠላሳ አንድ ላይ «ረዲ» ይላል፤ አጠገቡ ሰማያዊ የጣት አሻራ አለ። በዚያ ሰዓት አባ ረዲ ወይ መቃብሩ ውስጥ ሌባ ይጠብቃሉ፣ ወይ ሞተዋል።

«መልካም መዝገብ ነው» አለ። «ለጊዜው እወስደዋለሁ።»

«ለምን?»

«እንዲህ ያለ ሕዝባዊ ተሳትፎ አይቼ አላውቅም።»

ውባየሁ ደስ አለው።

ወይዘሮ ታንጉት ስለ ፊርማው ሲጠየቁ በሳቅ ፈነዱ። «የቀበሌው ስኳር የሚሰጠው ለፈረመ ነው። እና ለፊርማው ዓርብ ዓርብ ቤት ለቤት ይዞሩልናል። በረመዳን ደግሞ ስኳር የማይፈልግ እስላም አለ? ቅዳሜ ሊቀመንበሩ ሁለት መፈክር ያሰማና ይወጣል። እኛ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተቀምጠን እናዛጋለን።»

«ይህን ለምን ቀድመው አልነገሩኝም?»

«ጠየቅከኝ? ደግሞስ ስኳሬን አንተ ልትሰጠኝ ነው?»

መድረኩ ያለው ገበያው አደባባይ ላይ ነው፤ በቀይ ጨርቅ ተሸፍኗል። ጎኑ ላይ ነጣ ያለ ጠጠር ተቆልሏል። ሀብተ ሥላሴ ኪሱ ያለውን አውጥቶ ቁልሉ ላይ አስቀመጠውና ከሌላው ለመለየት ሞከረ። አልቻለም። ጣቱን ከላያቸው ቢያነሣ ኖሮ ሦስቱን ለቅሞ መመለስ ባልቻለ ነበር።

ከዚያ ጨርቁን ገለጠ። የመድረኩ ፊት በእብነ በረድ ተለብጧል። ቆጠራቸው፤ ስድስት ናቸው። በመካከል የአንድ ድንጋይ ቦታ ባዶ ነው፤ በጣውላ ተደፍኖ ቀይ ኮከብ ተስሎበታል።

ግንበኛው አማን ሲሚንቶ እያቦካ ነበር። መርማሪው ባዶውን ቦታ ትክ ብሎ ማየቱን ሲያስተውል አካፋውን ጣለ።

«ሰባተኛው የት ደረሰ?» አለው ሀብተ ሥላሴ።

አማን መሬት ላይ ቁጭ አለ። ማስፈራራትም አላስፈለገው፤ የሚጠይቀው ሰው ሲጠብቅ የሰነበተ ነው።

«ሊቀመንበሩ ነው ያዘዘኝ። ለእብነ በረድ የተመደበው ገንዘብ የት እንደገባ አላውቅም። አዲስ አበባ ድረስ ከመሄድ ብሎ... ‹የሞተ ሰው መደብ የለውም፣ የሞተ አይሁድ ደግሞ አገርም የለውም› አለኝ። ሌሊት ሳይሆን በቀን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሰው ስብሰባ ላይ ሲሆን፣ በጋሪ አመጣነው። በድንጋዩ ቦታ ሲሚንቶ አፈሰስን፤ ከላይ ጠጠር ከመርንበት።»

«የራሳቸውን ጠጠር ለምን አልመለሳችሁም?»

«ከመሠረቱ ቡኮ ጋር ገባ። ለሊቀመንበሩ ብነግረው ‹ጠጠር ጠጠር ነው፤ ለዕውር ሽማግሌ ምን ይለየዋል?› አለ።»

«ቅዳሜስ?»

«ሰባተኛውን በድጅኖ ላነሣ ስል ሽማግሌው ካጥሩ ጥግ ተነሥተው እጄን ያዙኝ። ሲዳስሱኝ ግንበኛ መሆኔን ዐወቁ። ‹አማን፣ ልጄ፣ አንተ ነህ?› አሉኝ። ከስብሰባው ወጥቶ አብሮኝ የነበረው ሊቀመንበሩ ድጅኖውን ነጠቀኝ።» አፉን በእጁ ከደነ። «ጉድጓዱን ኋላ ነው ያስቆፈረኝ። ‹ለወርቅ ነው ይባላል› አለ።»

ሀብተ ሥላሴ ቃሉን ጽፎ አስፈረመው። ቀጥሎም መቃብሩ ዘንድ ሄዶ አንዱን ክምር በጫማው ገለጠ፤ ከሥሩ ጭቃማ ሲሚንቶ ነበር። ሰው ከሙታን ላይ ሰርቆ ሲያበቃ እንኳ ሲሚንቶ ይቆጥባል!

ከአውራጃ የመጣው ጓድ ረቡዕ ጧት በጣቢያው ቡፌ እንቁላል እየበላ ነበር። ወፍራም አይደለም፣ ጨካኝ አይመስልም፤ መነጽሩን እየጠረገ በትዕግሥት ሰማ። የአማንን ቃል አነበበ፤ የሟቹን አሻራ አየ።

«ጥሩ ሥራ ነው» አለና ወረቀቱን መለሰለት። «ግን አንድ ዘበኛ ከአንድ ሊቀመንበር ጋር አይመዘንም። ዛሬ የሕዝብ ቀን ነው። የተያዘ ሰው አለ፤ በቂ ነው።»

«የተያዘው ንጹሕ ነው።»

«በአብዮት መካከል ንጹሕ ነኝ ያለ ስንት ሰው አየህ?» ዳቦውን እንቁላሉ ውስጥ ነከረ።

ሀብተ ሥላሴ ቆቡን አነሣ። ከበሩ ደርሶ ተመለሰ። እውነት በማይሠራበት ቦታ ፍርሃት እንደሚሠራ የገባው እዚያች በር ላይ ነው።

«ጓድ፣ ሌላ ጉዳይ ነበረኝ፤ የግድያ አይደለም። ዛሬ የሚቆሙበት መድረክ የተለበጠበት ድንጋይ ጀርባው ላይ የጽዮናውያን ጽሑፍ አለበት። ስድስቱም ላይ። ፎቶ አንሺ ከአዲስ አበባ መጥቷል ሲሉ ሰምቼ ነው።»

ዳቦው አፉ ሳይደርስ ቆመ።

«ምን ይላል ጽሑፉ?»

«ፊደሉን የማነብ ሰው አይደለሁም። ማን ያውቃል፣ ምንም ሊል ይችላል።»

ከሩብ ሰዓት በኋላ አማን በድጅኖ አንዱን ድንጋይ ነቅሎ ገለበጠው። የሙሴ ሳሊም ሚስት ስም ከሃያ ዘጠኝ ዓመት ክምር በኋላ ፀሐይ አየ። ከአውራጃ የመጣው ጓድ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ውባየሁ «ጓድ፣ ጀርባው እኮ ነው! ጽሑፉን ወደ ውስጥ ነው ያዞርነው!» እያለ ቀረበው።

«በአብዮቱ ላይ ተሣለቅህ!»

«እኔ? ኧረ እኔ...» ያ ቀንቶ የነበረ ወገብ በአንድ ጊዜ ታጠፈ፤ ግንባሩም ጉልበቱን ነካ። የለመደውን አልረሳም። ሽጉጡን የፈታለት ትናንት እሱ ያዝዘው የነበረ አብዮት ጠባቂ ነው። ሲወስዱት አንድም ሰው ስለ አባ ረዲ ቃል አልተናገረም። ሰው መግደሉን የሰማ ሰው ዝም ብሎ ነበር፤ ድንጋዩን ገልብጦ መለጠፉን ሲሰማ ግን ያ ሁሉ ሕዝብ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«እስረኛውስ?» አለ ሀብተ ሥላሴ።

ከአውራጃ የመጣው ጓድ ወደ ጎን ሳበው። «ስማ። ሊቀመንበር ሰው ገደለ የሚል ወረቀት ከኔ ግዛት አይወጣም። ይሄ ሰው የሚጠየቀው በድንጋዩ ነው። ግድያ አለ ካልክ ገዳይ ያስፈልጋል፤ ያ የጎጃም ሰው እጃችን ላይ ነው። ግድያ የለም ካልክ ግን የታሰረበት ምክንያት የለም። ሽማግሌው ዓይናቸው አያይም፤ ጉድጓድ ገቡ፤ ሞቱ። የትኛውን ትጽፋለህ?»

ጥሩሰው እጁን ወደ ኋላ ታስሮ ከመድረኩ ጥግ ቁጭ ብሏል። ትኩሳቱ ለቆት ነበር፤ በሙሉ አእምሮው ነው የሚጠብቀው።

ሀብተ ሥላሴ ጻፈ። «ሟች በዓይን ሕመም ምክንያት ጉድጓድ ውስጥ ወድቀው...» የአማን ቃል የተጻፈበትን ወረቀት ያ ጓድ ተቀብሎት አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።

ስድስቱ ድንጋዮች ገደል እንዲጣሉ ታዘዘ። አማንና ጥሩሰው በጋሪ ጫኗቸው። ወደ ገደሉ የሚወስደው መንገድ በመቃብሩ በር ላይ ያልፋል። በሩ ክፍት ነበር፤ ኡሙሀኒ ቆማበታለች። ጋሪው ገባ፤ ሲወጣ ባዶ ነበር። ትእዛዙ መፈጸሙን እንዲያይ የተላከው ሀብተ ሥላሴ ወደ ባቡር ሀዲዱ ዞሮ ሲጋራ ለኮሰ።

አጭሶ ሲጨርስ ገባ። ድንጋዮቹ ወደየቦታቸው ተመልሰዋል፤ ጽሑፋቸው ወደ ሰማይ ነው። ኡሙሀኒ በዘንቢል ያመጣችውን የወንዝ ጠጠር ለያንዳንዱ አንዳንድ እያኖረች ነበር። ጥሩሰውን አድኛለሁና ታመሰግነኛለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ይህን መጠበቁን ያወቀው ቀና ብላ ስታየው ነው።

«ምን ብለው ጻፉ?»

«ጥሩሰው ነጻ ወጥቷል። ውባየሁም አይመለስም።»

«እሱን አይቻለሁ። ስለ አባቴ ምን ብለው ጻፉ?»

ነገራት፤ ቃል በቃል።

ኡሙሀኒ አላለቀሰችም። የያዘችውን ጠጠር በሰባተኛው መቃብር ላይ አኖረች።

«ሰውዬውን ማዳንዎ ደግ ነው፤ አላህ ይቁጠርልዎ» አለች። «ግን አባቴ ዓይን ሳይኖራቸው የራሳቸውን ጠጠር ከሌላው ለይተዋል። አማን ነግሮኛል፤ ውባየሁ ‹ለዕውር ምን ይለየዋል› ብሎ ገደላቸው። እርስዎም ‹ዕውር ናቸውና ጉድጓድ ገቡ› ብለው ጻፉባቸው። የሁለታችሁ ቃል አንድ ነው።»

ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ሲንቅ የኖረው መርማሪ እጁን ኪሱ ከትቶ ሦስቱን የሾሉ ጠጠሮች አወጣ። አባቷ በሽርጣቸው ጫፍ የቋጠሩት ማስረጃ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ምርመራ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ሌላ የሚሰጣት ነገር ስላልነበረው እጁን ዘረጋላት።

ኡሙሀኒ ጠጠሮቹን አየቻቸው፤ አልተቀበለችውም።

«እሱ እዚህ አይቀመጥም» አለች። «ይዘውት ይሂዱ።»

ይዞት ሄደ።